ግዙፉን ሴኮያ ከትውልድ ቦታው ውጭ ማሳደግ፦ ከዘር እስከ ቋሚ ቦታው

ይህ መመሪያ በብሪታንያ፣ በጀርመን ወይም በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ በሲያትልና በፖርትላንድ ዙሪያ ለሚኖሩ፣ ሰፊ ግቢ ወይም የጋራ መሬት ላላቸውና ግዙፉን ሴኮያ ከዘር አፍልተው ለመትከል ላሰቡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ችግኙን ማፍላት ብዙዎች እንደሚገምቱት ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ለዛፉ የሚመጥን ቦታ ማግኘትና የመጀመሪያዎቹን በጋዎች ውኃ ሳያጓድሉ ማሻገር ነው። ስለዚህ ዘር ከመግዛትዎ በፊት ስለ ቦታ መረጣ የተጻፈውን ክፍል በጥሞና ያንብቡ፤ ተስማሚ ቦታ ከሌለ ሥራውን አለመጀመር ለዛፉም ለጎረቤትም የተሻለ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በጋ የተባለው ከጁን እስከ ኦገስት ያለው ሞቃት ወቅት፣ ክረምት የተባለውም ውርጭና በረዶ ያለበት ወቅት ነው።

ስለ ዛፉ አስቀድሞ ማወቅ የሚገባ

ግዙፉ ሴኮያ በተፈጥሮ የሚገኘው በካሊፎርኒያ፣ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ምዕራባዊ ተዳፋት ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም አብዛኛው ከ1,400 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው ጠባብ ቀበቶ ውስጥ በተበታተኑ ደኖች ተወስኖ ይኖራል። ጄኔራል ሸርማን የተባለው ዛፍ ቁመቱ 83.8 ሜትር፣ የግንዱ ይዘት 1,487 ሜትር ኩብ ሲሆን፣ በምድር ላይ ካሉት ባለ አንድ ግንድ ዛፎች በይዘቱ የሚስተካከለው አልተገኘም። ቀለበታቸው ተቆጥሮ ከ3,200 ዓመት በላይ እንደ ኖሩ የተረጋገጠላቸውም አሉ። በዕፅዋት ምደባ ከእኛው የአበሻ ጥድ ጋር የአንድ ቤተሰብ አባል ነው፤ ቅርንጫፎቹ ላይ የተለጠፉትን ጠንካራና ሹል ቅጠሎች በጣቱ የዳሰሰ ሰው ዝምድናውን አይስተውም።

ወደ አውሮፓ የገባው በ1853 ነው። በኦገስት ጆን ማቲው የተባለ ሰው ጥቂት ዘር ወደ ስኮትላንድ አመጣ፤ በዲሴምበር ደግሞ ዊልያም ሎብ በኤክሰተር ለሚገኘው የቪች ችግኝ ጣቢያ ብዙ ዘርና ሕያው ችግኝ ይዞ ደረሰ። እንግሊዞች ዛሬም ዌሊንግቶኒያ ይሉታል፤ ጀርመኖች ማሙትባውም ይሉታል፤ ችግኝ ጣቢያ ሄደው ሲጠይቁ እነዚህን ስሞች ማወቅ ይጠቅማል። በምዕራብ ስኮትላንድ በቤንሞር የዕፅዋት ማዕከል በ1863 በሁለት ረድፍ የተተከሉት 49 ሴኮያዎች ዛሬ ከ50 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ሲሆን፣ ቦታው ዝናብ የማይለየውና ውኃ የማያቁር መሆኑ ዛፉ ከአገሩ ውጭ ምን እንደሚፈልግ በግልጽ ያሳያል።

በ2024 የታተመ የብሪታንያ ተመራማሪዎች ጥናት ግዙፉ ሴኮያና የባሕር ዳርቻ ዘመዱ ተደምረው በብሪታንያ ግማሽ ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ የሚገልጽ ግምት አቅርቧል፤ በካሊፎርኒያ የቀሩት የጎለመሱ ግዙፍ ሴኮያዎች ግን 80,000 ያህል ናቸው። በ2020 እና በ2021 የተነሡት ሦስት ታላላቅ ቃጠሎዎች ከትልልቆቹ ዛፎች ከ13 እስከ 19 በመቶ የሚሆኑትን እንደ ገደሉ በስፍራው ያሉ ባለሙያዎች ገምተዋል። በውጭ አገር የሚተከል ዛፍ እነዚያን ጥንታዊ ደኖች ይተካል ማለት አይቻልም፤ ይሁን እንጂ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ሊኖር የሚችል ፍጥረት ተክሎ በግዴለሽነት ማድረቅ ነውር ነው ብዬ ስለማምን፣ ከዚህ በታች ያለውን በዝርዝር ጽፌአለሁ።

አንደኛ፦ ቦታውን መምረጥ

መነሻው ስፋት ነው። በተስማማው መሬት ላይ ብቻውን የቆመ ሴኮያ በመቶ ዓመት ውስጥ ከ30 እስከ 40 ሜትር ሊረዝም፣ የግንዱም ግርጌ ከሁለት ሜትር በላይ ሊሰፋ ይችላል። የታችኞቹ ቅርንጫፎቹ ብርሃን እስካገኙ ድረስ ስለማይደርቁ እስከ መሬት ወርደው ሰፊ ቦታ ይሸፍናሉ። ሥሩ በልጅነቱ ወደ ታች ቢወርድም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ የጎለመሰ ዛፍ ሥር ከግንዱ 30 ሜትርና ከዚያም በላይ ሲርቅ ጥልቀቱ ግን ብዙ ጊዜ ከአራት ሜትር አያልፍም። ስለዚህ ከቤት፣ ከግንብ አጥር፣ ከፍሳሽ ቱቦና ከጎረቤት ወሰን ቢያንስ 20 ሜትር ያርቁት፤ ከላዩም የኤሌክትሪክ መስመር እንዳያልፍ ያረጋግጡ። በለንደን ወይም በፍራንክፈርት የተለመደው የቤት ጓሮ ይህን አያሟላም። እንዲህ ያለ ጓሮ ያለው ሰው ከትምህርት ቤት፣ ከአካባቢው መናፈሻ ወይም ከአጥቢያ ቤተ ክርስቲያኑ ጋር ተነጋግሮ ቢተክል መልካም ነው። ቤተ ክርስቲያንን በዛፍ ማስከበር በአገራችን የቆየ ልማድ በመሆኑ፣ በውጭ አገር ሰፊ ግቢ ያገኙ አጥቢያዎች ለዚህ ዛፍ ከግለሰብ ይልቅ የተመቹ ናቸው፤ ይዞታቸው ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ የሚዘልቅ ነውና።

«ለጊዜው እዚህ ልትከለው፣ ኋላ አዛውረዋለሁ» የሚለው አሳብ አያዋጣም። በአይዳሆ ግዛት በቦይዚ ከተማ ከ1912 ገደማ ጀምሮ የቆመ አንድ ሴኮያ በ2017 ለሕንፃ ማስፋፊያ ሲባል ጥቂት መንገድ ያህል ሲዛወር፣ ክብደቱ ከነአፈሩ ከ360 ቶን በላይ፣ ወጪውም 300,000 ዶላር ገደማ ነበር።

ከስፋቱ ቀጥሎ አፈሩን ይመርምሩ። ዛፉ ጥልቀት ያለው፣ ለምለም፣ በመጠኑ አሲዳማ የሆነና ውኃ የሚያሰርግ አፈር ይወዳል፤ እርጥበት ይፈልጋል፣ ውኃ የሚያቁር መሬት ግን ሥሩን ያበሰብሰዋል። ይህን ለማወቅ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው በውኃ ይሙሉት፤ ውኃው ሲሰርግ አንድ ጊዜ ደግመው ይሙሉትና በማግስቱ ይመልከቱ። ውኃው በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ካልሰረገ ቦታው ለሴኮያ አይሆንም። መረሬ አፈር ላይ አሸዋ ጨምሮ ጉድጓዱን ማሻሻል ችግሩን አይፈታውም፤ በዙሪያው ያለው አፈር እንዳለ ስለሚቀር ጉድጓዱ የውኃ መያዣ ገንዳ ይሆናል። በሚቆፍሩበት ጊዜ የበሰበሰ የዛፍ ጉቶ ካጋጠመዎትና ከቅርፊቱ ሥር ነጭ፣ ስስ የፈንገስ ንጣፍ ካዩ ከዚያ ቦታ ይራቁ፤ ይህ አርሚላሪያ የተባለው ሥር አበስባሽ ፈንገስ ሊሆን ይችላል።

ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይምረጡ፤ ሴኮያ በሌላ ዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ አያድግም። ቀዝቃዛ አየር ወርዶ የሚጠራቀምበት የሸለቆ ግርጌም ጥሩ አይደለም። የጎለመሰ ዛፍ ከዜሮ በታች እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ ብርድ ሊቋቋም ቢችልም፣ በአፕሪልና በሜይ የሚመጣ ዘግይቶ የጣለ ውርጭ ግን የልጅ ችግኝን ለጋ ጫፍ ያቃጥላል።

በምሥራቅ አሜሪካ፣ በተለይም ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ በጋው ሞቃትና ወበቃማ በመሆኑ የቅጠል ፈንገሶች ዛፉን ያጠቁታል። ጨርሶ አይበቅልም ማለት አይደለም፤ በሮድ አይላንድ በብሊዝወልድ የአትክልት ስፍራ 30 ሜትር ገደማ የደረሰ ሴኮያ አለ። ሆኖም በዚያ አካባቢ ነፋስ የሚዘዋወርበት ገላጣ ተዳፋት ካልተገኘ ድካሙ ብዙ፣ ተስፋው ጥቂት ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በእስራኤል ቆላማ ክፍሎች ባይሞከር ይሻላል። ዘሩን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት የሚያስቡም አይታጡም፤ ለእነሱ የምለው የደጋችንን የተራቆተ መሬት ለመሸፈን የአበሻ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ እንዳሉን ነው። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ የማገዶ እጥረት መፍትሔ ሆኖ ገብቶ ምን ያህል እንደ ተስፋፋና በውኃና በአፈር ላይ ስላለው ጫና ዛሬም ምን ያህል እንደሚያከራክር እናውቃለን። ሴኮያ እንደ ባሕር ዛፍ በፍጥነት የሚዛመት ዛፍ አይደለም፤ በአውሮፓም በራሱ ዘር ሲራባ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። ቢሆንም በአገሩ ዛፍ የሚሠራውን ሥራ ለእንግዳ ዛፍ መስጠት አያስፈልግም።

በመጨረሻ ሕጉን ይጠይቁ። በብሪታንያ የአካባቢው ምክር ቤት አንድን ዛፍ በጥበቃ ትእዛዝ ሥር ካዋለው ያለ ፈቃድ መቁረጥም መግረዝም ወንጀል ነው፤ ብዙ አሮጌ ሴኮያዎች እንዲህ ተጠብቀዋል። በጀርመን ዛፍ ከጎረቤት ወሰን ምን ያህል መራቅ እንዳለበት በየክፍለ ግዛቱ ሕግ የተወሰነ ሲሆን፣ ከመኖሪያ አካባቢ ውጭ ባለ ተፈጥሯዊ መሬት ላይ የአካባቢው ያልሆነ ተክል ለመትከል ፈቃድ ያስፈልጋል። ሕግ ባይከለክልም እንኳ የበሰበሰ ዕፅዋት በተከማቸበት ረግረግ፣ በጥንታዊ የአበባ ሜዳ ወይም በነባር ደን ውስጥ አይትከሉት። እንዲህ ያሉ ቦታዎች በውስጣቸው ያለው ሕይወትና በአፈራቸው ያመቁት ካርቦን ከአንድ ዛፍ እጅግ ይበልጣል።

ሁለተኛ፦ ዘር ማግኘት

ዘሩ ቀጭን፣ ጠፍጣፋና በሁለት ጎኑ ስስ ክንፍ ያለው ሲሆን ርዝመቱ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ አንድ ኪሎ ግራም 200,000 ያህል ዘር ይይዛል። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ የወደቀ ፍሬ እንኳ ማንሣት የተከለከለ ስለሆነ ዘሩን ከታወቀ የዛፍ ዘር ነጋዴ ይግዙ፤ ከተቻለም ከየትኛው ደን እንደ ተሰበሰበ ይጠይቁ። ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ዘርም ሆነ ሕያው ችግኝ በሻንጣ ይዞ መግባት የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ስለሚጠይቅ፣ በሚኖሩበት አገር ካለ ሻጭ መግዛት ከብዙ ጣጣ ያድናል።

በአካባቢዎ ካሉ የተተከሉ ዛፎች ለመሰብሰብ ከፈለጉ፣ በመጀመሪያ ባለቤቱን ያስፈቅዱ፤ ቀጥሎም ሦስትና ከዚያ በላይ ሴኮያዎች በቅርብ ርቀት የቆሙበትን ቦታ ይፈልጉ። ብቻውን የቆመ ዛፍ በራሱ ብናኝ ስለሚራባ ዘሩ ብዙ ጊዜ ባዶ ይሆናል፤ ቢበቅልም ችግኙ ደካማ ነው። ኮን የሚባለው የእንቁላል መጠን ያለው ፍሬ ከበሰለ በኋላም እስከ 20 ዓመት አረንጓዴ ሆኖ ተዘግቶ ዛፉ ላይ ሊቆይ ይችላል። በትውልድ አገሩ የእሳት ሙቀት፣ ሽኮኮ ወይም ትንሽ ጥንዚዛ እስኪከፍተው ድረስ ይጠብቃል። ነፋስ የጣለውን አረንጓዴ ኮን ሞቃት ክፍል ውስጥ ወረቀት ላይ ቢያስቀምጡት በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ደርቆ ቅርፊቶቹ ይላቀቃሉ፤ ነቅነቅ ሲያደርጉት ዘሩ ከጠቆረ ቀይ ዱቄት ጋር አብሮ ይረግፋል። ያ ዱቄት ታኒን የተባለ የተክል ንጥረ ነገር ነው፤ ጨርቅና ጣት ያቀልማል እንጂ ጉዳት የለውም።

ሦስተኛ፦ ዘሩን በብርድ ማቆየት

በጃንዋሪ አጋማሽ ዘሩን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ለ24 ሰዓት ይዘፍዝፉ። ከዚያም ውኃውን አጥልለው ዘሩን በረጠበ የወጥ ቤት ወረቀት ላይ በስሱ በትነው፣ ወረቀቱን አጥፈው በፕላስቲክ ከረጢት ይክተቱትና ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ። ሙቀቱ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ይመረጣል፤ የረጠበ ዘር ፍሪዘር ውስጥ ከገባ ይሞታል። ወረቀቱ ሲጨመቅ ውኃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ከመጠን በላይ ርሷል ማለት ነው። በየሳምንቱ ከፍተው አየር ያስገቡ፤ ሻጋታ ካዩ ዘሩን በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው አዲስ ወረቀት ላይ ያዛውሩት። ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይበቃዋል። ያለ ብርድም የሚበቅል ዘር አይጠፋም፤ በብርድ የቆየው ግን በብዛትና በአንድ ጊዜ ስለሚነሣ ለመንከባከብ ይቀላል።

አራተኛ፦ መዝራት

ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች አጋማሽ ይዝሩ። ሁለት እጅ ደቃቅ የዘር አፈር ከአንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ጋር ደባልቀው፣ በፈላ ውኃ ታጥቦ በደረቀ፣ ታቹ ቀዳዳ ባለው ሳህን ላይ ይሙሉና በእጅ መዳፍ ቀለል አድርገው ይደልድሉት። ዘሩን በሁለት ሴንቲ ሜትር ርቀት ከላይ አስቀምጠው ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር የሚሆን አሸዋ ብቻ ይነስንሱበት፤ በጥልቀት የተቀበረ እንዲህ ያለ ትንሽ ዘር የያዘው ስንቅ አልቆ መሬት ሳይወጣ ይቀራል። ብርሃን ባለበት፣ ግን ቀጥተኛ ፀሐይ በማይመታው መስኮት አጠገብ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ያቆዩት።

የመጀመሪያዎቹ ቡቃያዎች ከአሥር ቀን በኋላ ይታያሉ፤ የዘገዩት እስከ አራት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊወስዱ ይችላሉ። ከመቶ ዘር ሠላሳ ወይም አርባ ቢበቅል ጥሩ ውጤት ስለሆነ፣ አምስት ችግኝ የሚፈልግ ሰው ሃምሳ ዘር መዝራት አለበት። ቀዩ ለጋ ግንድ ጎብጦ ይወጣና ሲቃና የዘሩን ቅርፊት ጫፉ ላይ እንደ ተሸከመ ለጥቂት ቀናት ይቆያል። ቅርፊቱን በጣት ለማላቀቅ አይሞክሩ፤ አብሮት ጫፉ ይቀነጠሳል፣ ችግኙም ያበቃለታል። በቀን አንድ ጊዜ በጉም መርጫ ቢያርሱት ራሱ ይወድቃል፤ ከሥሩም ብዙ ጊዜ አራት የሆኑ ጠባብ የመጀመሪያ ቅጠሎች ይዘረጋሉ።

አምስተኛ፦ የመጀመሪያዎቹን ወራት ማሻገር

አብዛኛው ሰው ችግኞቹን የሚያጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም በአመዛኙ አንድ ነው፦ ችግኝ ጣይ ፈንገስ። ማታ ቀጥ ብሎ የነበረ ችግኝ ጠዋት ተጋድሞ ያገኙታል፤ ጎንበስ ብለው ሲያዩት ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ነው፣ ግንዱ ግን አፈሩን በሚነካበት ቦታ ጠቁሮና ሟሽሾ እንደ ክር ቀጥኗል። የወደቀውን ማዳን አይቻልም፤ ከነአፈሩ በማንኪያ ዝቀው ያውጡት፣ ክዳን ካለ ያንሡ፣ ውኃ ለጥቂት ቀናት ያቁሙ፣ ከተቻለም ትንሽ ማራገቢያ በዝቅተኛ ፍጥነት በአቅራቢያው ያስቀምጡ።

መከላከሉ ግን ከዚህ ሁሉ ይቀላል። ውኃ ከላይ አያፍሱ፤ ሳህኑን ውኃ ባለበት ሰፊ ዕቃ ውስጥ ለሃያ ደቂቃ አስቀምጠው ከታች እንዲመጥ ያድርጉና አውጥተው ያንጠፍጥፉት። የአፈሩ ገጽ ፈዘዝ ብሎ ሲደርቅ እንጂ ገና ጠቁሮ እያለ ደግመው አያጠጡ። ቡቃያዎቹ ተጨናንቀው ከሆነ ደካሞቹን በመቀስ ይቁረጡ፤ መንቀል የጎረቤቱን ሥር ያናጋል።

እውነተኛዎቹ ቅጠሎች በሁለት ወይም በሦስት ዙር ሲወጡ እያንዳንዱን ችግኝ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ወዳለው ጠባብ የችግኝ ማሰሮ ያዛውሩ። ሲያነሡት ግንዱን ሳይሆን ቅጠሉን ይያዙ። ዋና ሥሩ ገና ከአሁኑ በፍጥነት ወደ ታች ስለሚወርድ ጥልቀቱ ከስፋቱ ይበልጣል፤ ጥልቀት በሌለው ማሰሮ ውስጥ ሥሩ ታችኛው ወለል ላይ ዞሮ ይጠቀለላል፣ እንዲህ የተጠቀለለ ሥር ደግሞ ከዓመታት በኋላ ግንዱን አንቆ ወይም በነፋስ ጊዜ መቆሚያ ነሥቶ ዛፉን ይጥለዋል። የደን አፈር መጨመር ይጠቅማል የሚል ምክር ከሰሙ ይህን ልብ ይበሉ፦ ከሴኮያ ሥር ጋር የሚተባበሩት ፈንገሶች ከሣርና ከብዙ አትክልት ሥር ጋር የሚኖሩት ዓይነቶች እንጂ የፓይን ደን ፈንገሶች አይደሉም፤ ስለዚህ ጤናማ ከሆነ ሜዳ የተወሰደ አንድ እፍኝ አፈር ከፓይን ሥር ከተዛቀው ይሻላል።

ስድስተኛ፦ የማሰሮ ዓመታት

የውርጭ ወቅት ሲያልፍ ችግኞቹን ወደ ውጭ ያውጡ፤ መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ያህል ጥላ ሥር፣ ከዚያ የጠዋት ፀሐይ ብቻ በሚያገኝ ቦታ፣ በመጨረሻ ወደ ሙሉ ፀሐይ። ሳሎን ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ለማሳደግ መሞከር ከንቱ ነው፤ ዛፉ የክረምት ዕረፍት ያስፈልገዋል።

በመጀመሪያው ክረምት ቅጠሉ ወደ ነሐስ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ሲለወጥ ብዙ ሰው ደርቋል ብሎ ይጥለዋል። ለብርድ የሚሰጠው የተለመደ ምላሽ ነው፤ በጸደይ (ከማርች እስከ ሜይ) ተመልሶ ይለመልማል። የሞተውን ለመለየት ቅጠሉን በጣት አጠፍ ያድርጉት፦ ሕያው ከሆነ ይለመጣል፣ የሞተ ከሆነ ተሰባብሮ ይረግፋል። ከብርዱ ይልቅ የሚያስፈራው አፈሩ በረዶ ሆኖ ሥሩ ውኃ መቅዳት ባልቻለበት ቀን ፀሐይና ነፋስ ቅጠሉን ማድረቃቸው ነው። ማሰሮዎቹን ከቤቱ ሰሜናዊ ግድግዳ አጠገብ አስጠግተው፣ ዙሪያቸውን በደረቅ ቅጠል ወይም በገለባ ሸፍነው ያሳልፏቸው። በየጸደዩ ሥሩ ማሰሮውን መሙላቱን አይተው ወደ ትልቅ ማሰሮ ያዛውሩ።

ሰባተኛ፦ በቋሚ ቦታው መትከል

ችግኙ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ሲሞላውና ከ40 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ለተከላ ዝግጁ ነው። ከዚህ የበለጠ ትልቅ ችግኝ መግዛት ጊዜ የሚያስቀድም ቢመስልም፣ ትንሹ ቶሎ ሥር ሰድዶ ብዙ ጊዜ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይቀድመዋል። ክረምቱ ለስላሳ በሆነበት በብሪታንያና በሲያትል አካባቢ በኦክቶበርና በኖቬምበር መትከል ይመረጣል፤ ክረምቱ በሚጸናበት በመካከለኛውና በምሥራቅ ጀርመን ግን እስከ ማርች መጨረሻ ይቆዩ።

የጉድጓዱ ስፋት ከማሰሮው ሦስት እጥፍ፣ ጥልቀቱ ከማሰሮው ጋር እኩል ይሁን። ጎኖቹ በአካፋ ተለስነው ከሆነ በሹካ ይጫሯቸው። ችግኙን ከማሰሮው ሲያወጡት የተጠቀለለ ሥር ካለ ፈትተው ያቃኑ፤ የማይፈታውን በስለታም መቀስ ይቁረጡ። የግንዱና የሥሩ መገናኛ ከመሬቱ ገጽ ጋር ትክክል መሆኑን ያረጋግጡ፤ በጥልቀት የተተከለ ሴኮያ ግንዱ እየበሰበሰ ይሄዳል። የወጣውን አፈር እንዳለ መልሰው ይሙሉት እንጂ ፍግ ወይም ብስባሽ አይደባልቁበት፤ ሥሩ በለማው ጉድጓድ ውስጥ እየዞረ እንዳይቀር ነው። ብስባሹ ከላይ በጉዝጓዝ መልክ ይምጣ፦ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ አንድ ሜትር ስፋት፣ ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ። ቦታው ነፋስ የማይበረታበት ከሆነ ድጋፍ እንጨት አያስፈልገውም፤ የሚወዛወዝ ግንድ ይበልጥ ይጠነክራል። አጋዘን ባለበት አካባቢ ግን ቁመቱ 1.5 ሜትር የሆነ የሽቦ አጥር የግድ ነው። ጥንቸልና አጋዘን ለጋውን ሲቀነጥቡ፣ ወንዱ ድኩላ መሰል አጋዘን ደግሞ ቀንዱን እያሻሸ ቅርፊቱን ይልጠዋል።

ስምንተኛ፦ ውኃና የኋላ እንክብካቤ

በመጀመሪያዎቹ ሦስት በጋዎች ዝናብ በጠፋባቸው ሳምንታት ሁሉ ከ15 እስከ 20 ሊትር ውኃ በዝግታ ያጠጡ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት ሥሩን ወደ ላይ ስለሚስብ ይጎዳል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ አጥግቦ ማጠጣት ይበልጣል። በሲያትልና በፖርትላንድ በጋው ደረቅ በመሆኑ ይህን እስከ አምስተኛው ዓመት መቀጠል ተገቢ ነው። ትልቅ የሆነ ሴኮያ በትውልድ አገሩ በበጋ ቀን እስከ 3,000 ሊትር የሚደርስ ውኃ ይጠጣል፤ የውኃ ነገር እስከ መጨረሻው የማያልቅ ጉዳይ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። አንድ ሜትር የሆነውን ዙሪያ ከሣርና ከአረም ያጽዱ፤ የሣር ማጨጃ ክር ግንዱን አንድ ጊዜ ከዞረው የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ከሰዓት ይጠፋል።

ማዳበሪያ እምብዛም አያስፈልገውም። ሥር ከሰደደ በኋላ በዓመት ከ30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ካደገ ደህና ነው። ሁለት ጫፎች እኩል ወደ ላይ ሲሽቀዳደሙ ካዩ ደካማውን ገና ቀጭን ሳለ ይቁረጡት፤ ከዚህ በቀር መግረዝ አያሻውም፣ የታችኞቹም ቅርንጫፎች ባሉበት ይቆዩ።

ከአገሩ ውጭ በተተከለ ሴኮያ ላይ በጣም የሚታየው በሽታ ቦትሪዮስፌሪያ የተባለው ፈንገስ የሚያመጣው የቅርንጫፍ መድረቅ ነው፤ በአረንጓዴው መካከል አንድ ቅርንጫፍ ብቻውን ቡናማ ሆኖ ይታያል፣ ቀረብ ብለው ሲያዩትም ቅርፊቱ ላይ ሙጫ የሚያፈስ ቁስል ይገኛል። ፈንገሱ የሚበረታው በውኃ ጥማት በተዳከመ ዛፍ ላይ ስለሆነ መድኃኒት ከመፈለግ ይልቅ ውኃውን ያስተካክሉ። የደረቀውን ቅርንጫፍ ዝናብ በሌለበት ቀን እስከ ጤናማው እንጨት ድረስ ይቁረጡ፤ መቁረጫውን በየጊዜው በአልኮል ይጥረጉ፤ የተቆረጠውንም ከግቢው አርቀው ያስወግዱ።

ዛፉ ከአካባቢው ሁሉ በላይ ሲረዝም መብረቅ ይስበዋል፤ በብሪታንያ ጫፋቸውን በመብረቅ ያጡ ሴኮያዎች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ አዲስ ጫፍ አውጥተው ይቀጥላሉ። በነጎድጓድ ጊዜ ከሥሩ መጠለል እንደማይገባ በግቢው ለሚመላለሱት ሁሉ፣ በተለይም ለልጆች፣ አስቀድመው ያስጠንቅቁ። ግንዱ ሲወፍር ቅርፊቱ ቃጫማና ለስላሳ ይሆናል፤ በብሪታንያ ግንድ ላይ የሚርመሰመሱ ትንንሽ ወፎች በውስጡ ጎድጓዳ አበጅተው የክረምቱን ሌሊት ያሳልፉበታል። ልጆች በቡጢ መምታት፣ ጎብኚዎችም መቦጨቅ ይወዳሉ። ከዚህ የከፋው ግን በግርጌው ዘወትር መመላለስ ነው፤ የተረገጠ አፈር ይጠጥርና ጥልቀት የሌለውን ሥር አየርና ውኃ ይነሣዋል። ብዙ ሰው በሚገባበት ግቢ ከግንዱ እስከ ቅርንጫፎቹ ጫፍ ያለውን ዙሪያ በእንጨት ፍቅፋቂ ሸፍነው በዝቅተኛ ገመድ ይከልሉት፤ መኪና በዚያ ላይ እንዳይቆም ይከልክሉ፤ ፍቅፋቂውንም በየሁለት ዓመቱ ይሙሉበት።